ሰሃኑ ሳተላይቱን እንዴት ያገኘዋል? ከሌጎስ ወደብ እስከ ጁባ

እንደሚታወቀው በ1997 ዓ.ም. በአገራችን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀምር፣ «ፕላዝማ» የሚለው ቃል ከመምህሩም ከተማሪውም አፍ የማይለይ ሆኖ ነበር። ትምህርቱ በተወሰነለት ሰዓት ተላልፎ ያልፋል፤ በግቢው የተተከለው ሰሃን በነፋስ ጥቂት ዘንበል ብሎ ከቆየ ግን የዚያን ዕለት ክፍለ ጊዜ ተማሪው አጣው ማለት ነው። ስለዚህ የሰሃን አቅጣጫና የሲግናል ጉልበት ጉዳይ ለጠጋኙ ብቻ የሚተው አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ነገሩን ከታሪኩ ጀምረን እንመለከታለን።

ሳተላይትን ለመገናኛ የማዋል ሐሳብ ጎልቶ የወጣው እንግሊዛዊው አርተር ክላርክ እ.አ.አ. በ1945 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚዞር አካል ከምድር ጋር እኩል ስለሚዞር፣ ከታች ለሚያየው ሰው በአንድ ቦታ የቆመ ይመስላል። ይሁን እንጂ መጀመሪያ የተሠራባቸው ሳተላይቶች እንዲህ ያሉ አልነበሩም። እ.አ.አ. ሐምሌ 10 ቀን 1962 የተወነጨፈው ቴልስታር ሰማዩን እያቋረጠ ያልፍ ስለነበር፣ የምድር አንቴናዎች እየተከተሉት መዞር ነበረባቸው። በመጀመሪያው ሌሊት የፈረንሳይ ጣቢያ ጥሩ ሥዕል ሲቀበል፣ የእንግሊዙ የጉንሂሊ ጣቢያ ያገኘው ደካማ ሲግናል ነበር። ምክንያቱ ምን ነበር? ሞገዱ እንደ ብሎን እየተሽከረከረ ሲመጣ፣ የጣቢያው መቀበያ በተቃራኒው አዟዟር ተስተካክሎ ስለነበረ ነው። ጉድለቱ ሲታረም ሥዕሉ ጠራ። ግዙፉ መሣሪያ ምንም አልጎደለውም፤ የጎደለው ትክክለኛ አስተካከል ነበር።

አፍሪካም ከዚህ ታሪክ ውጭ አይደለችም። እ.አ.አ. ነሐሴ 23 ቀን 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ከናይጄሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ከአቡባከር ታፋዋ ባሌዋ ጋር በሲንኮም 2 ሳተላይት በኩል በስልክ ተነጋገሩ። ባሌዋ የተናገሩት በሌጎስ ወደብ ከቆመችው ከኪንግስፖርት መርከብ ላይ ሆነው ነው። መርከቧ 9 ሜትር ያህል ስፋት ያለው ሰሃን ነበራት። ሲንኮም 2 ከምድር ጋር እኩል ቢዞርም፣ ምሕዋሩ ያዘነበለ በመሆኑ በቀን አንድ ጊዜ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይመላለስ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ሰሃኑ ያለማቋረጥ ሊከተለው ግድ ነበር።

ቆየት ብሎ ለዓለም አቀፍ መገናኛ 30 ሜትር ያህል ስፋት ያላቸው ሰሃኖች ተተከሉ። በአገራችንም የሱሉልታ የሳተላይት ጣቢያ የተቋቋመው እ.አ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ነው። ሰሃን በሰፋ ቁጥር እይታው ይጠባል፤ የ30 ሜትር ሰሃን እይታ ከአንድ ዲግሪ አምስተኛ እጅ አይበልጥም። ስለዚህ ቆሟል የሚባለው ሳተላይት ጥቂት ሲወዛወዝ እንኳ ያመልጠዋል። መፍትሔ ከሆኑት መሣሪያዎች አንዱ የአንቴና መቆጣጠሪያው ነው። መቆጣጠሪያው የሲግናሉን ጉልበት በቮልት ይለካል፤ ሰሃኑን ጥቂት ያንቀሳቅስና እንደገና ይለካል፤ ከጨመረ በዚያው ይቀጥላል፤ ከቀነሰ ይመለሳል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው በእግሩ ዳገቱን እየዳበሰ ጫፍ እንደሚደርስ ያለ ነው።

አሁን ወደ ጁባ እንምጣ። ጁባ እ.አ.አ. በ1972 በተፈረመው የአዲስ አበባ ስምምነት መሠረት የደቡብ ሱዳን ክልላዊ መንግሥት መቀመጫ ሆነች፤ ከሐምሌ 9 ቀን 2011 ጀምሮ ደግሞ የነጻዪቱ አገር ዋና ከተማ ናት። በዚያ በንግድና በልዩ ልዩ ሥራ የተሰማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ። ለእነርሱ ሰሃን የአገር ቤት ወሬ መስሚያ፣ ለልጆቻቸውም አማርኛ መለማመጃ ነው።

ጁባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለምትርቅ፣ ሳተላይቶቹ ከአናት በላይ በምሥራቅና በምዕራብ ተሰልፈው ይገኛሉ። በ7 ዲግሪ ምዕራብ ያለውን ናይልሳት ለማግኘት በጁባ ሰሃኑ ወደ ምዕራብ ዞሮ 45 ዲግሪ ከፍ ይላል፤ በአዲስ አበባ ግን 37 ዲግሪ ያህል ይበቃዋል። በ2013 ዓ.ም. ኢትዮሳት በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሰሃኑ ወደ ምሥራቅ መዞር፣ በጁባ 60፣ በአዲስ አበባም 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ማለት ነበረበት። የጎረቤቱን ሰሃን እያየ የራሱን የሚያቀና ሰው ጎረቤቱ ወዴት እንደሚመለከት ካላወቀ ሲደክም መዋሉ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ሰሃን በአንድ ዲግሪ ቢስት፣ ማለትም ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ቢንቀሳቀስ፣ የሲግናሉን ግማሽ ጉልበት ያጣል።

መቆጣጠሪያው እንዴት ይስተካከላል? ሥራው ሰማይ በጠራበት ሰዓት ይጀመር። መጀመሪያ ሰሃኑ ሳተላይት ወደሌለበት ባዶ ሰማይ ዞሮ ልኩ ይጻፋል፤ 1.2 ቮልት ነው እንበል። ቀጥሎ በሳተላይቱ ላይ ተነጣጥሮ ከፍተኛው ልክ ይጻፋል፤ 4.0 ቮልት ይሁን። ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ ወደ 2.9 ይወርዳል እንበል። መቆጣጠሪያው «ሲግናል አለ» የሚልበት ወሰን እንግዲህ ከ1.2 በላይ፣ ከ2.9 በታች፣ ለምሳሌ 2.0 ላይ መደረግ አለበት። ወሰኑ 1.0 ቢሆን መሣሪያው ባዶውን ሰማይ ሳተላይት ነው ብሎ ይቆማል። 3.5 ቢሆን ደግሞ ዝናብ በጣለ ቁጥር ሳተላይቱ የጠፋ መስሎት ሰሃኑን ያንከራትታል። በአንዳንድ መቀበያዎች ሲግናሉ ሲጨምር ቮልቱ ስለሚቀንስ፣ ይህም አስቀድሞ መታወቅ ይገባዋል።

ከሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዛሬዎቹ መቀበያዎች ላይ ጉልበትና ጥራት ለየብቻ ይታያሉ። ጉልበት የመጣውን ኃይል ሁሉ፣ ሁካታውንና የሌላ ሳተላይት ሞገድ እንኳ ሳይቀር፣ ደምሮ ይለካል፤ ጥራት ግን የተፈለገው መልእክት በትክክል መነበቡን ያሳያል። ሰሃኑ በተሳሳተ ሳተላይት ላይ ቢነጣጠር ጉልበቱ 80 ከመቶ ሆኖ ጥራቱ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ጉልበቱን ብቻ አይቶ «ይሠራል» ብሎ የሄደ ጠጋኝ ተማሪውን ባዶ መስኮት ፊት አስቀምጦት ሄደ ማለት ነው።

ይህን ትምህርት በክፍል ውስጥ ለማስረዳት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሉል፣ ክርና ፕሮትራክተር ይበቃሉ። ተማሪዎች የራሳቸውን ከተማ ኬክሮስና ኬንትሮስ ይዘው ሳተላይቱ በየት በኩል እንደሚገኝ ይፈልጉ፤ ከዚያም ወጥተው ያገኙትን ከግቢው ሰሃን ጋር ያስተያዩ። ውጤቱ ካልገጠመ ስሌቱን እንደገና ይመርምሩ፤ ስሌቱ ትክክል ከሆነም ሰሃኑን ለማቅናት ቁልፍ ይዞ መውጣት ነው።