ወንዞች የቀየሱት መንገድ

የዓድዋ ድል ሊመጣ 4 ዓመት ሲቀረው፣ ሜይ 29 ቀን 1892፣ ሠላሳ ሦስት ብስክሌተኞች በምሥራቅ ቤልጂየም በማዕድን ውኃዋ ከምትታወቀው ከስፓ ከተማ ተነሥተው ወደ ደቡብ አቀኑ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ባስቶኝ ደርሰው ወደ ስፓ መመለስ ነበረባቸው። ደርሶ መልሱ 250 ኪሎ ሜትር ነው። ከ10 ሰዓት ከ48 ደቂቃ በኋላ የሊዬዥ ከተማ ልጅ የሆነው ሊዮን ኡዋ ብቻውን ገባ። ሁለተኛው በ22 ደቂቃ፣ ሦስተኛው በ44 ደቂቃ ዘግይተው ደረሱ። የቀሩት ለ5 ሰዓት ያህል አንድ በአንድ ሲንጠባጠቡ ቆዩ። ከሠላሳ ሦስቱ መንገዱን የጨረሱት 17 ብቻ ናቸው።

ዛሬ ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ የሚባለው ውድድር የተጠነሰሰው በዚያን ቀን ነው። ቱር ደ ፍራንስ ገና 11 ዓመት ይቀረው ነበር። በብስክሌት ዓለም እጅግ ከሚከበሩት አምስት የአንድ ቀን ውድድሮች መካከል በዕድሜ የሚቀድመው ይኸው ስለሆነ፣ ወዳጆቹ «አንጋፋዋ» ይሉታል።

ባስቶኝ የተመረጠችው ለውበቷ ወይም ለዳገቷ አልነበረም። ዳኞቹ ባቡር ተሳፍረው በቀላሉ የሚደርሱባት ከተማ በመሆኗ ነው። እዚያ ቆመው የሚያልፈውን ይመዘግባሉ፤ ከዚያም በባቡር ይመለሳሉ። የውድድሩን መታጠፊያ የወሰነው እንግዲህ የባቡር ሐዲድ ነው። ውድድሩን ታላቅ ያደረገው ግን ሐዲዱም፣ አዘጋጆቹም፣ ጋላቢዎቹም ብቻ አይደሉም። የአካባቢው ወንዞችም ናቸው።

አንድ ውድድር፣ ሁለት መልክ

ሊዬዥ የተቆረቆረችው ኡርት የተባለው ወንዝ ከትልቁ ከሜዝ ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ወደ ደቡብ የተዘረጋው የአርዴን ደጋ ብዙ ከፍታ የለውም። የቤልጂየም የመጨረሻው ከፍተኛ ቦታ 694 ሜትር ብቻ ነው፤ ለእኛ አገር ሰው ይህ ቆላ ነው። ይሁን እንጂ ኡርት፣ አምብሌቭ፣ ሳልምና ቬድር የተባሉት ወንዞች ደጋውን ለረጅም ዘመን እየሸረሸሩ ጠባብና ጥልቅ ሸለቆዎች አበጅተውበታል። ሳልም ትሯ ፖን በምትባል ከተማ ከአምብሌቭ ይቀላቀላል፤ አምብሌቭ ደግሞ ኮምብላን ላይ ኡርት ውስጥ ይገባል፤ ሁሉም ተጠራቅመው ወደ ሊዬዥ ይወርዳሉ። ከተሞቹ ከሸለቆው ግርጌ፣ ከውኃው ዳር ተሠርተዋል። እርሻውና ደኑ ከላይ ነው። ከአንዱ ከተማ ወደ ሌላው አቋርጦ የሚሄድ ሰው የግድ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ እንደገና ይወጣል።

የውድድሩ ምስጢር እዚህ ላይ ነው። ከሊዬዥ ወደ ባስቶኝ የሚወስደው የመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ አብዛኛውን መንገድ በደጋው ጀርባ ላይ ስለሚሄድ ብዙም አያስቸግርም። መመለሻው ግን በምሥራቅ በኩል ዞሮ ሸለቆዎቹን አንድ በአንድ እየሰነጠቀ ይመጣል፤ 150 ኪሎ ሜትር አልፎም ይሄዳል። አስቸጋሪዎቹ ዳገቶች ከሞላ ጎደል የተከማቹት በዚህ መመለሻ ላይ ነው። የአንድ ቀኑ ድምር አቀበት ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። አንድም እውነተኛ ተራራ በሌለበት አገር ይህን ያህል የሚያስወጣው የሸለቆዎቹ ብዛት ነው።

ስታቭሎን እንመልከት። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በተመሠረተ ገዳም ዙሪያ ያደገች፣ በአምብሌቭ ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ብስክሌተኛው ከትሯ ፖን ተነሥቶ የዋንን ዳገት ወጥቶ ወደ ስታቭሎ ይወርዳል። እፎይ ሳይል ስቶኩ ይጠብቀዋል። ርዝመቱ አንድ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም በአማካይ ከ12 በመቶ በላይ ያዘነበለ ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ጋላቢው ከመቀመጫው ተነሥቶ፣ በትንሹ ማርሽ፣ መሪውን ወደ ግራና ቀኝ እየጎተተ ይወጣዋል። ጫፉ ላይ ውድድሩን 5 ጊዜ ላሸነፈው ለኤዲ መርክስ የቆመ የድንጋይ መታሰቢያ አለ። መታሰቢያውን አልፎ ጥቂት እንደሄደ መንገዱ ይታጠፍና ቁልቁል ወደዚያችው ወደ ስታቭሎ ይመልሰዋል፤ ከዚያም ኦት ሌቬ የተባለው ሦስተኛው ዳገት ይጀምራል። ብስክሌተኛው ይህን ሁሉ ወጥቶ ወርዶ ከከተማዋ ብዙም አልራቀም። ጉልበቱ ግን አልቋል።

ጦርነት ያለፈበት ሸለቆ

እነዚህ መንገዶች የተሸከሙት ብስክሌት ብቻ አይደለም። በ1944 ዲሴምበር የናዚ ጀርመን ጦር በአርዴን በኩል የመጨረሻውን ትልቅ ማጥቃት ሲከፍት፣ ባስቶኝ የብዙ መንገዶች መገናኛ በመሆኗ ተከበበች፤ በውስጧ የነበሩት የአሜሪካ ወታደሮች እጅ አንሰጥም ብለው እስከ መጨረሻው ጠበቋት። በኡርት ዳር ያለችው ኡፋሊዝ ደግሞ በቦምብ ወደመች። ከጦርነቱ በኋላ ከወንዙ ውስጥ ተጎትቶ የወጣ የጀርመን ታንክ የዚያ ዘመን ማስታወሻ ሆኖ ቀርቷል። ብስክሌተኞቹ ከባስቶኝ ሲመለሱ የሚገጥማቸው የሳን ሮክ ዳገት የሚነሣው ከዚህችው ከኡፋሊዝ ነው። ውድድሩ በሁለቱም የዓለም ጦርነቶች ዘመን ተስተጓጉሏል፤ ሰላም ሲመለስ ግን ሁለቱንም ጊዜ ወደ እነዚሁ ሸለቆዎች ተመልሷል።

በረዶና የባቡር መዝጊያ

በአርዴን ኤፕሪል የጸደይ ወር ይባል እንጂ አይታመንም። በ1957 ዠርመን ዴሪክ የተባለ ቤልጂየማዊ በብርዱ መካከል ታግሎ አንደኛ ወጣ። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ተዘግቶ የነበረ የባቡር ማቋረጫ ጥሶ አልፎ ነበር። ዳኞቹ ያሸነፈበትን የ3 ደቂቃ ልዩነት ያገኘው በዚያ አይደለም ብለው አልሰረዙትም፤ ይልቁንም ሁለተኛ የወጣውን ፍራንስ ስኹበንን ከእርሱ ጋር እኩል አሸናፊ አደረጉት።

ከሁሉም በላይ የሚነገረው ግን የኤፕሪል 20 ቀን 1980 ታሪክ ነው። ውድድሩ ብዙም ሳይጓዝ በረዶ ይወርድ ጀመር። ብስክሌተኞች በደርዘን እየሆኑ ወደ ቡድን መኪናቸውና ወደ ሆቴላቸው ተመለሱ። ፈረንሳዊው በርናር ኢኖ ግን 80 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ብቻውን ወጣ። ጭጋግና በረዶ እያቋረጠ ሊዬዥ ሲገባ ሁለተኛው ከ9 ደቂቃ በላይ ርቆ ነበር። ከተነሱት 174 ሰዎች የጨረሱት 21 ብቻ ናቸው። ኢኖ ለድሉ ዋጋ ከፍሏል፤ በብርዱ የተጎዱት የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆኑለትም።

የዳገቱ ልጆች

ከዳገቶቹ ሁሉ ስመ ጥሩው ላ ሬዱት ነው። በ1794 የፈረንሳይና የኦስትሪያ ጦር የተዋጉበት ኮረብታ ሲሆን፣ በውድድሩ ውስጥ የገባው በ1970ዎቹ ነው። ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር አይሞላም፤ ጋላቢዎቹ የሚደርሱበት ግን ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ከሄዱ በኋላ ነው። በአንድ ወገን አውራ ጎዳናው ይጮኻል፤ በሌላው ወገን ከብቶች ይግጣሉ። አስፋልቱ ላይ ደጋግሞ በነጭ ቀለም የሚጻፈው ስም «ፊል» ነው። ይህም በዳገቱ ግርጌ በሬሙሻም ያደገው ፊሊፕ ዢልቤር ነው። በልጅነቱ ሲወጣው የኖረውን ዳገት አልፎ በ2011 ውድድሩን አሸነፈ። በዚያው ሰሞን በአሥር ቀናት ውስጥ የተካሄዱ ሌሎች ሁለት የኮረብታ ውድድሮችንም ጠቅልሎ ወስዷል።

ሴቶች የራሳቸውን ሊዬዥ–ባስቶኝ–ሊዬዥ ያገኙት በ2017 ብቻ ነው። አንጋፋ በሚባል ውድድር ለዚህ 125 ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው ማለት ነው። ይህ ከውድድሩ ታሪክ ውስጥ የሚያስቆጭ ምዕራፍ ነው። እነርሱ የሚነሡት ከባስቶኝ ነው፤ ቀላሉን የደጋ መንገድ ሳያልፉ በቀጥታ ወደ ሸለቆዎቹ ይገባሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ያሸነፈችው ኔዘርላንዳዊቷ አና ፋን ደር ብሬኸን ናት።

አዘጋጆች የውድድሩን መጨረሻ ከአንድም ሁለት ጊዜ ቀይረውታል። በ1992 ከሊዬዥ መሐል አውጥተው ኮረብታ ላይ ወዳለችው ወደ አንስ ወሰዱት፤ በ2019 ወደ ሊዬዥ መለሱት። በ2008 ከኡርት ሸለቆ በላይ ያለውን ሮሽ ኦ ፎኮን የተባለ ዳገት ጨመሩ። ይሁን እንጂ የትኛውንም መንገድ ቢመርጡ ከወንዞቹ ማምለጥ አይችሉም። ወንዞቹም የዋዛ አይደሉም። በጁላይ 2021 ቬድርና ኡርት ሞልተው በዚህ አካባቢ ቤቶችን ጠርገዋል፤ በቤልጂየም ከ30 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ለከተሞቹ ውኃው መነሻቸውም ስጋታቸውም ነው።

በብራስልስ፣ በኔዘርላንድ ወይም በምዕራብ ጀርመን የምትኖሩ ወገኖች ይህን አገር ለማየት ሩቅ አይደላችሁም። ከብራስልስ ሊዬዥ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ለጀማሪ በኡርት ዳርና በቀድሞ የባቡር ሐዲዶች ላይ ከመኪና የተለየ፣ ለጥ ያለ የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል። የበረታ ደግሞ ከወንዙ ዳር ታጥፎ ከዳገቶቹ አንዱን ይሞክር። ባለሙያዎቹ በኤፕሪል መጨረሻ አካባቢ በሚውል እሑድ ከመወዳደራቸው አንድ ቀን ቀድሞ፣ በዚሁ መንገድ ለማንኛውም ሰው ክፍት የሆነ ጉዞ በየዓመቱ ይዘጋጃል። የስፖርት ታሪክ ሜዳዎች አብዛኞቹ በአጥርና በትኬት የተዘጉ ናቸው። ይህኛው የሕዝብ መንገድ ነው፤ ብስክሌት ያለው ሁሉ ሊሄድበት ይችላል፤ ሂዱበትም።