የደቡብ ቻይና ባሕርና የአሜሪካ ውሎች

ስለ ደቡብ ቻይና ባሕር ሲነሣ ወሬው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከቤጂንግ ነው፡፡ ዘጠኝ ሰረዝ የተሰመረበት ካርታ፣ በአሸዋ ተሞልተው ደሴት የሆኑ የኮራል ድንጋዮች፣ ውኃ የሚረጩ የጥበቃ መርከቦች ይጠቀሳሉ፡፡ እኔ ግን ነገሩን ከወዲያኛው ጫፍ፣ ከዩናይትድ ስቴትስ በኩል ልጀምረው፡፡ ቻይና፣ ታይዋን፣ ቬትናም፣ ፊሊፒንስ፣ ማሌዥያና ብሩኒ በዚህ ባሕር የይገባኛል ጥያቄ አላቸው፡፡ አሜሪካ የላትም፤ አንዲትም ድንጋይ የእኔ ናት ብላ አታውቅም፡፡ ሆኖም እሷ የጻፈቻቸውንና የፈረመቻቸውን ውሎች ሳያነቡ የክርክሩን ሥር ማግኘት አይቻልም፡፡ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፡፡)

ዋናው ሰነድ መስከረም 8 ቀን 1951 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከጃፓን ጋር የተፈረመው የሰላም ውል ነው፡፡ አንቀጽ 2(ረ) ጃፓን በስፕራትሊና በፓራሴል ደሴቶች ላይ ያላትን መብት ሁሉ እንደተወች ይናገራል፡፡ ለማን እንደተወች ግን አይናገርም፡፡ ሕግ የተማረ ሰው እዚህ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም፤ ለቃቂ አለ፣ ተቀባይ የለም፡፡ ይህ ደግሞ በስሕተት የቀረ አልነበረም፡፡ ሶቭየት ኅብረት ደሴቶቹ የቻይና መሆናቸው ይጻፍ ብላ ያቀረበችው ሐሳብ ውድቅ ሆኗል፤ የቬትናም ልዑክ ደግሞ እዚያው ጉባኤ ላይ ደሴቶቹ የእኛ ናቸው ብሎ ተናግሯል፡፡ ቻይናን የሚወክለው ቤጂንግ ይሁን ታይፔ ባለመስማማታቸው ዋሽንግተንና ለንደን ሁለቱንም ሳይጋብዙ ቀሩ፡፡ በውሉ ላይ ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ መሆኗን የሚያስታውስ ብዙ ሰው ያለ አይመስለኝም፡፡ የቃኘው ሻለቃ ያኔ ኮሪያ ውስጥ እየተዋጋ ነበር፡፡

በዚያው ሰሞን፣ በአሥር ቀን ውስጥ፣ አሜሪካ ሦስት የጦር ውሎችን ፈረመች፤ ነሐሴ 30 ከፊሊፒንስ፣ መስከረም 1 ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ፣ መስከረም 8 ከጃፓን ጋር፡፡ በ1953 ደቡብ ኮሪያ፣ በ1954 ታይዋን ተጨመሩ፡፡ በአውሮፓ እንደ ኔቶ ያለ አንድ ማኅበር ስታቋቁም በእስያ ግን እያንዳንዱን አገር ለየብቻ ከራሷ ጋር አሰረች፡፡ በ1954 ማኒላ ላይ የተወለደው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቃል ኪዳን ድርጅት ከስምንት አባላቱ የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገር የነበሩት ታይላንድና ፊሊፒንስ ብቻ ናቸው፤ በ1977 ድምፁን አጥፍቶ ፈረሰ፡፡

ከእነዚህ ውሎች ለዛሬው ጉዳይ የሚፈለገው የፊሊፒንሱ ነው፡፡ አንቀጽ 4 በፓስፊክ አካባቢ በአንዱ ተዋዋይ ላይ የሚደርስ የታጠቀ ጥቃት ለሌላውም አደጋ መሆኑን ተቀብሎ፣ እያንዳንዱ በሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ መሠረት የጋራውን አደጋ ለመመከት እርምጃ ይወስዳል ይላል፡፡ አንቀጽ 5 ጥቃት የሚባለው በጦር ኃይሎች፣ በመንግሥት መርከቦችና በአውሮፕላኖች ላይ የሚደርሰውንም እንደሚጨምር ይዘረዝራል፡፡ ጥሩ፡፡ ነገር ግን “የፓስፊክ አካባቢ” የደቡብ ቻይናን ባሕር ያጠቃልላል? ማኒላ ይህን ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ስትጠይቅ ኖራለች፡፡ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማይክ ፖምፔዮ ማኒላ ላይ ቆመው ያለ ማወላወል “አዎን” ያሉት በመጋቢት 2019 ነው፤ ውሉ ከተፈረመ 68 ዓመት ሊሞላው ወራት ሲቀሩት ማለት ነው፡፡

ቃልና ተግባር ምን ያህል እንደሚራራቁ በጥር 1974 ታይቷል፡፡ ቻይና ፓራሴልን ከደቡብ ቬትናም በጦርነት ስትነጥቅ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ጣልቃ አልገባም፡፡ ኒክሰን ቤጂንግን ከጎበኙ ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር፡፡ በመጋቢት 1988 ደግሞ ጆንሰን ሳውዝ በተባለው ሪፍ ላይ 64 የቬትናም ወታደሮች ተገደሉ፡፡

ይህን ያነሣሁት አንድ የተለመደ አባባል ስላለ ነው፡፡ በመስከረም 1991 የፊሊፒንስ ሴኔት የሱቢክን የጦር ሰፈር ውል በ12 ለ11 ድምፅ ጣለው፤ በኅዳር 1992 የመጨረሻዎቹ የአሜሪካ ወታደሮች ወጡ፤ በ1995 መጀመሪያ የቻይና ግንባታ ሚስቺፍ ሪፍ ላይ ተገኘ፡፡ ስለዚህ አሜሪካ ስትወጣ ቻይና ገባች ይባላል፡፡ የቀኑ ቅደም ተከተል እውነት ነው፤ መደምደሚያው ግን ለእኔ ግማሽ እውነት ነው፡፡ በ1974ም ሆነ በ1988 ሱቢክ በመርከብ ተሞልቶ ነበር፡፡ የጦር ሰፈር መኖሩ የፊሊፒንስን በር ሊጠብቅ ይችል ይሆናል፤ ባሕሩን ሁሉ ግን አልጠበቀም፡፡

አሁን ወደ ሕጉ፡፡ የ1982ቱን የባሕር ሕግ ኮንቬንሽን ቻይና በ1996 አጽድቃለች፤ አሜሪካ እስካሁን አላጸደቀችም፡፡ ሬገን የጥልቁን ባሕር ወለል ማዕድን የሚመለከተውን ክፍል ተቃወሙ፤ በ1983 ደግሞ የቀረውን እናከብራለን ብለው የ200 የባሕር ማይል የኢኮኖሚ ቀጣና አወጁ፡፡ በ1994 ያ ክፍል ተሻሽሎ ክሊንተን ለሴኔት ቢልኩትም ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊገኝለት አልቻለም፡፡ እናም የባሕር ኃይሏ መርከቦች አባል ያልሆነችበትን ሕግ እያስከበሩ ይጓዛሉ፡፡ ለፍትሕ ያህል፣ ከ1979 ጀምሮ ያለው ይህ የነፃ ጉዞ ፕሮግራም ቻይናን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ የገዛ ወዳጇን የፊሊፒንስን ከመጠን ያለፈ የባሕር ይገባኛል ባይነትም ሲሞግት ኖሯል፡፡

ሐምሌ 12 ቀን 2016 በፊሊፒንስ ክስ የተሰየመው የግልግል ጉባኤ ውሳኔውን ሰጠ፡፡ ደሴቶቹ የማን እንደሆኑ አልወሰነም፤ ሥልጣንም አልነበረውም፡፡ የወሰነው ቻይና በዘጠኙ ሰረዝ ውስጥ ባለው ሀብት ላይ የምትለው ታሪካዊ መብት ሕጋዊ መሠረት እንደሌለው፣ ከስፕራትሊ ድንጋዮችም አንዱም የ200 ማይል ቀጣና እንደማያስገኝ ነው፡፡ ቻይና ባዶ ወረቀት ነው አለች፡፡ ዋሽንግተን የመጨረሻና አስገዳጅ ነው ብላ ጮኸች፡፡ የሕግ ተማሪ ሳለሁ ያነበብነው የኒካራጓ ጉዳይ ወዲያው ትዝ አለኝ፤ በ1986 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በአሜሪካ ላይ ሲፈርድ እሷም እንዲሁ አልቀበልም ብላ ነበር፡፡ የቤጂንግ ተከራካሪዎች ይህን መጥቀስ ይወዳሉ፡፡ በበኩሌ ክርክሩን አልቀበለውም፤ የአንዱ እምቢታ ለሌላው እምቢታ መከላከያ አይሆንም፡፡ በውሳኔው የምትጎዳው ወይም የምትጠቀመው አሜሪካ አይደለችም፤ ከባሕር ዳርቻው ወጥቶ የሚያጠምድ የፊሊፒንስ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ስካርቦሮ ከ2012 ጀምሮ በቻይና ቁጥጥር ሥር ውላበታለች፡፡

ይህ ሁሉ የሕግ ነገር በአንዲት የዛገች መርከብ ላይ ተጠራቅሟል፡፡ ሲዬራ ማድሬ ትባላለች፡፡ በ1944 አሜሪካ ውስጥ ተሠርታ፣ በቬትናም ጦርነት አገልግላ፣ ለደቡብ ቬትናም ተሰጥታ፣ በ1976 ለፊሊፒንስ ተላለፈች፡፡ በ1999 ማኒላ ሁለተኛው ቶማስ በተባለው ሪፍ ላይ ሆን ብላ አስጋለበቻትና ጥቂት ወታደሮች አስቀመጠችባት፡፡ ስንቅ የሚያደርሱት ጀልባዎች በውኃ መድፍ ይመቱ ነበር፤ ሰኔ 17 ቀን 2024 መጥረቢያና ጩቤ የያዙ የቻይና ሰዎች ጀልባቸውን ሲያጠቁ አንድ የፊሊፒንስ መርከበኛ አውራ ጣቱን አጣ፡፡ ከዚያ ሁለት ሳምንት ገደማ አስቀድሞ ፕሬዚዳንት ማርኮስ ልጅ ሲንጋፖር ላይ፣ ሆን ተብሎ ፊሊፒናዊ ከተገደለ ለጦርነት ተግባር እጅግ የቀረበ ይሆናል ብለው ነበር፡፡

ጥያቄው እዚህ ላይ ነው፡፡ የ1951ዱ ውል “የታጠቀ ጥቃት” ይላል፤ ትርጉም ግን አልሰጠም፡፡ መጥረቢያ ትጥቅ ነው? የውኃ መድፍስ? በ2023 የወጣው የሁለቱ አገሮች የመከላከያ መመሪያ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ መርከቦችንም የውሉ ጥላ ሥር አስገብቷል፤ ስለ አውራ ጣት ግን የሚለው ነገር የለም፡፡ በሐምሌ 2024 ማኒላና ቤጂንግ በስንቅ ማድረሱ ላይ ጊዜያዊ መግባባት አደረጉ፡፡ መርከቧ ከቦታዋ የማትንቀሳቀስ ብትሆንም ማኒላ ከባሕር ኃይሏ መዝገብ ሳትሰርዛት የቆየችው ያለ ነገር አይመስለኝም፤ ከተሰረዘች አንቀጽ 5 የሚላት የመንግሥት መርከብ መሆኗ ይቀራልና፡፡