የቡሬ በቆሎና ወባ

ማኅበራችን ለመጪው ክረምት የምርጥ ዘር ብድር ለመስጠት እየተዘጋጀ ነው። ዕቅዱን እኔም ደግፌያለሁ። ገንዘቡ ከመከፋፈሉ በፊት ግን በምዕራብ ጎጃም፣ በቡሬ የሆነውን ላስታውሳችሁ።

የወይና ደጋ ሰው ንዳድ ሲባል የሚያስበው ቆላውን ነው። ይሁን እንጂ ከፍ ያለው አገርም ከወባ ፈጽሞ ነፃ ሆኖ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1958 በተነሳው ታላቅ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። ቡሬን ደግሞ ወረርሽኙ በ1998 መታት። ሰው በእንዲህ ያለ ጊዜ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ዝናቡንና ሙቀቱን ነው፤ ጥርጣሬውም ከንቱ አይደለም። በቆሎውን የሚጠረጥር ግን ማን አለ?

በቆሎ፣ አባቶቻችን የባሕር ማሽላ የሚሉት፣ በደጋው ዘንድ ለረጅም ዘመን የጓሮ ተክል ነበር። እናቶች ከቤት አጠገብ ይዘሩታል፤ ቶሎ ይደርሳል፤ ጎተራው ሲራቆት እሸቱ ልጆችን ያሻግራል። በ1990ዎቹ ግን ምርጥ ዘር ከማዳበሪያ ጋር ለገበሬው በብድር ይሰጥ ጀመር። ቢኤች-660 የተባለው ዝርያ ምርቱ ብዙ ስለሆነ ከጓሮ ወጥቶ ማሳውን ሞላው። የሚደርሰው ግን ዘግይቶ ነው። አበባው የሚበንነው ወደ ክረምቱ መውጫ፣ ዝናቡ ጋብ ሲል ነው።

ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኃይለኛ ዝናብ የትንኝ እጮችን ጠርጎ ይወስዳል፤ ዝናቡ ሲቀንስ ግን ቤት ለመምረግ ጭቃ የተወሰደበት ጉድጓድና የከብት ኮቴ ረግቶ በተኛ ውኃ ይሞላል። የበቆሎው ብናኝ እዚያ ላይ ይወድቃል፤ እጮቹም ይመገቡታል። በደንብ የተመገበ እጭ ቶሎ ያድጋል፣ ትልቅ ትንኝም ይሆናል። የወባው ተውሳክ በትንኟ ሆድ ውስጥ ለመብሰል ዐሥር ቀንና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ፣ ዕድሜዋ የረዘመ ትንኝ ናት የምታስተላልፈው።

ይህን የደረሱበት የተለያየ ሙያ ያላቸው ሰዎች አብረው በመሥራታቸው ነው። የነፍሳት ተመራማሪው አንድሪው ስፒልማን፣ የታሪክ ሰው ጄምስ ማካን፣ እንዲሁም እንደ አስናቀው ከበደ ያሉ ኢትዮጵያውያን ነበሩበት። በ2005 በወጣው ጥናት በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ በሽታ እምብዛም ከማይዘራባቸው በ9.5 እጥፍ በልጦ ተገኘ። በቆሎ ብቻውን ወባ አያመጣም፤ ተውሳኩ፣ ትንኟ፣ ውኃውና ሙቀቱም መገናኘት አለባቸው። ባለሙያዎች ሥርዓታዊ አስተሳሰብ የሚሉት ይህንኑ፣ ነገሮቹን ከነግንኙነታቸው ማየትን ነው። የግብርና ሰው ኩንታል ይቆጥራል፣ የጤና ሰው በሽተኛ ይቆጥራል፤ ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ካልተቀመጡ ሁለቱም እውነት ጽፈው ሳለ ነገሩ ይሰወራል። ቤት ውስጥ ግን መዝገቡ አንድ ነው፤ በቆሎውን የምታርመውም፣ ትኩሳት የያዘውን ልጅ አቅፋ የምታድረውም ያችው ሴት ናት።

የቡሬ ሰው በቆሎውን መዝራቱ ስሕተት ነበር የሚለኝ ካለ አልቀበለውም። ረኃብም ይገድላል። ለእኛ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው። ዘግይቶ የሚያብበው ዘር ከቤት ራቅ ባለው ማሳ ይዘራ፤ ለጓሮው ቶሎ የሚደርሰውን እንያዝ። ቤት የተመረገበትን ጉድጓድ ደግሞ ከሐምሌ በፊት እንድፈነው። ለጋሾቻችን በየዓመቱ የሚጠይቁን ስንት ኩንታል እንደተመረተ ነው፤ መልካም ጥያቄ ነው። በዚያው ቅጽ ላይ ከመስከረም እስከ ኅዳር በየቤቱ ስንት ሰው በትኩሳት እንደተኛ የሚሞላ አንድ ዓምድ እንዲጨመር በሚቀጥለው ስብሰባ እጠይቃለሁ። መዝገቡን ለመያዝ እኔ ፈቃደኛ ነኝ፤ በየመንደሩ የምታግዘኝ አንዲት እህት ብቻ ትበቃኛለች።