ከጠገራ ብር እስከ ስልክ ብር

እኛ ድንበር ላይ የምንነግድ ሰዎች ገንዘብ ስንቀበል መጀመሪያ የምናየው ስሙንና መልኩን ነው። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ።

በእነሱ ዘመን ገበያውን የያዘው ጠገራ ብር ነበር። ላዩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ብትሞትም፣ ገንዘቡ ያንኑ ዓመትና ያንኑ ፊት እንደያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ተመታ። ነጋዴው ያመነው ያንን መልክ ነበር። በራስ ጌጧና በትከሻዋ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አይቶ ከጎደሉ አልቀበልም ይል ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸው መልክና አንበሳ ያለበትን ብር ፓሪስ ቢያስመቱም፣ ማርትሬዛን ከገበያ ማስወጣት አልቻሉም።

ወረቀት ደግሞ የባሰ ፈተና ነበረበት። ብር ማለት ማዕድኑ ነው፤ ወረቀት እንዴት ብር ይባላል? ቀድሞ የወጣው የባንክ ወረቀት ከአዲስ አበባ ራቅ ሲባል እምብዛም የሚቀበለው አልነበረም። በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሲወጣ ግን ስሙ ያው "ብር" ሆነ። የንጉሡ መልክ ታተመበት፤ በአንድ ብሩ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ ተሣለ። ሃምሳ ሳንቲሙም ከእውነተኛ ብር ተሠራ። ሕዝቡ በሚያውቀው ቃልና ሥዕል የማያውቀውን ወረቀት ለመደ። ዛሬ ብር ሲባል ማዕድኑ ትዝ የሚለው ስንቱ ነው?

በ1999 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ኤም-ፔሳ ሲጀመርም መንገዱ ይኸው ነበር። "ፔሳ" በስዋሂሊ ገንዘብ ነው። ማስታወቂያውም ስለ ቴክኖሎጂ ሳይሆን አገር ቤት ላሉ ወላጆች ገንዘብ ስለ መላክ ያወራ ነበር። እኛ ዘንድ በ2013 ዓ.ም. የመጣው ቴሌብርም ያንኑ የአያቶቻችንን ቃል በስሙ ያዘ።

በዚህ እምነት ግን እኛም ተጎድተናል። ሞያሌ ላይ አንድ ገዢ የክፍያ መልእክት በስልኩ አሳየን፤ ስሙም መጠኑም ልክ ነበር። ዕቃውን ጭኖ ሄደ፤ ገንዘቡ ግን ሒሳባችን አልገባም። ስምና መልክ እምነት ያቆማሉ፤ ሐሰተኛውም የሚገባው በዚያው በር ነው።

አያቶቻችን የንግሥቲቱን ፊት እያወቁም ነጠብጣቧን ያዩ ነበር። እኛም አሁን መልእክቱን ካየን በኋላ የራሳችንን ሒሳብ ከፍተን እናያለን፤ ዕቃው የሚጫነው ከዚያ በኋላ ነው።