ለተማሪ የሚሆን ኮምፒውተር፦ ከካርድ ወረፋ እስከ ላፕቶፕ



ኮምፒውተር ሳይንስ ለመማር የሚመጣ ተማሪ ገና በመጀመሪያው ሳምንት «የትኛውን ላፕቶፕ ልግዛ?» ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የገበያ ጉዳይ ብቻ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የቤተሰብ ጥሪት የሚወጣበት ውሳኔ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከስድሳ ዓመታት በላይ ሲመላለሱበት ኖረዋል። ስለዚህ ዛሬ ከታሪኩ ተነሥተን እንመልከተው።

በ1960ዎቹ መባቻ ተማሪው ፕሮግራሙን በካርዶች ላይ አስበስቶ ለኦፕሬተር ያስረክብ ነበር። ውጤቱ ከሰዓታት በኋላ፣ አንዳንዴም በማግሥቱ ይደርሰዋል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ከተሳሳተች ወረፋው እንደገና ይጀመራል። በአሜሪካ የዳርትመዝ ኮሌጅ የሒሳብ መምህራን የነበሩት ጆን ኬሜኒና ቶማስ ከርትዝ ይህን አልተቀበሉትም። ተማሪ ቤተ መጻሕፍት ገብቶ መጽሐፍ እንደሚያነሣ ሁሉ ኮምፒውተርንም በነፃነት ሊጠቀም ይገባል ብለው አመኑ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 1 ቀን 1964 ብዙ ተጠቃሚዎች አንዱን ማሽን በተርሚናል የሚጋሩበት ሥርዓትና ቤዚክ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ አብረው ሥራ ጀመሩ። ማሽኑ ዛሬ በኪሳችን ከምንይዘው ስልክ እጅግ ያነሰ አቅም ነበረው። ለትምህርቱ ዋናው ለውጥ በስሕተትና በእርማት መካከል ያለው ጊዜ ማጠሩ ነው።

በ1972 በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ይሠራ የነበረው አላን ኬይ ዳይናቡክ የተባለ ሐሳብ አቀረበ። መጠኑ እንደ ደብተር፣ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም ያልበለጠ የግል ኮምፒውተር ነው። ኬይ በዕቃው ተንቀሳቃሽነት ብቻ አልረካም፤ ልጆች ራሳቸው ፕሮግራም የሚጽፉበት መሣሪያ እንዲሆን ፈለገ።

ገበያው ግን በዝግታ ተከተለው። በ1981 የወጣው ኦዝቦርን 1 አሥራ አንድ ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝን ነበር፤ ያለ ኤሌክትሪክ መስመርም አይሠራም። በ1982 የመጣው ግሪድ ኮምፓስ ስክሪኑ በኪቦርዱ ላይ የሚታጠፍ ሆኖ የዛሬውን ላፕቶፕ ቅርጽ ያዘ፤ ነገር ግን ዋጋው 8,150 ዶላር ስለነበር ለተማሪ የሚታሰብ አልነበረም።

በዚያው ዘመን በፊላዴልፊያ የሚገኘው ድሬክስል ዩኒቨርሲቲ አዲስ ገቢ ተማሪዎቹ ሁሉ የግል ኮምፒውተር እንዲኖራቸው ወሰነ፤ በ1984ም ማኪንቶሽ ታደለ። ርምጃው ደፋር ነበር። ሆኖም የመጀመሪያው ማኪንቶሽ 128 ኪሎባይት ሜሞሪ ብቻ ያለው፣ ባለቤቱ እንዲከፍተው ያልታሰበ ማሽን ነበር። ለእርሱ የተሟላ ፕሮግራም ለመጻፍ በመጀመሪያዎቹ ወራት ሊሳ የተባለው ውድ ኮምፒውተር ያስፈልግ ነበር። እንግዲህ ማሽን በእጅ መግባቱና ማሽኑን መማር መቻሉ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ልብ ይሏል።

ተቃራኒውን ምሳሌ በሄልሲንኪ እናገኛለን። ተማሪው ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 መጀመሪያ ላይ ተራ የጠረጴዛ ኮምፒውተር በየወሩ በሚከፈል ዕዳ ገዛ። ሜሞሪው 4 ሜጋባይት ነበር። ከቤቱ ሆኖ ከዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ጋር ለመገናኘት የጻፈው ትንሽ ፕሮግራም እያደገ ሄዶ ሊነክስ ሆነ። ይህ የሆነው ማሽኑን እስከ ውስጡ ሊነካካው ስለቻለ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት መመዘኛዎች እናገኛለን። አንደኛ፣ ማሽኑ ሥራ አያቋርጥም ወይ? መብራት በሚቆራረጥበት አገር የባትሪው ዕድሜ ከፕሮሰሰሩ ስም ይቀድማል፤ ለረጅም ሰዓት የሚጻፍበት ኪቦርድም እንዲሁ። ሁለተኛ፣ ለባለቤቱ ይከፈታል ወይ? ሊነክስ ያለ ችግር ይጫንበት እንደሆነ፣ ሜሞሪው ከቦርዱ ጋር የተበየደ ወይም የሚጨመር መሆኑ ከግዢ በፊት ይጣራ። ሦስተኛ፣ ሲበላሽ በአካባቢያችን ይጠገናል ወይ? በእነዚህ መመዘኛዎች 16 ጊጋባይት ሜሞሪና ኤስኤስዲ ያለው፣ በጥሩ ይዞታ ላይ የሚገኝ ያገለገለ ላፕቶፕ ለአብዛኛው የመጀመሪያ ዲግሪ ትምህርት ይበቃል። ለጨዋታ ተብሎ የተሠራው ውድ ማሽን ግን ብዙውን ጊዜ ከባድና ባትሪ ፈጂ ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለመምህራን ነው። ከኬሜኒና ከከርትዝ የወረስነው እምነት ተማሪው ላፕቶፕ ይዞ እንዲመጣ በማሳሰብ ብቻ አይፈጸምም። መግዛት የማይችል ተማሪ በመካከላችን አለ። የላቦራቶሪያችን በር ለእርሱ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት እንደሚሆን የምንወስነው እኛ ነን።