ስኳሩ ወረደ፤ የደም ሥሩስ?

«ስንት ሆነልህ?» «መቶ ሠላሳ።» «እሰይ! ተመስገን በል።»

ስኳር በሽታ በገባበት ቤት ሁሉ የሚሰማ ወሬ ነው። ቁጥሩ ከወረደ ቤቱ ሰላም ያድራል፤ ከወጣ ደግሞ «ምን በልተህ ነው?» የሚል ምርመራ ይከተላል። እኔ በዚህ አልቀልድም፤ መለካቱም መውረዱም ደግ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ሁሌም ይከነክነኛል። የስኳር ሕመምተኛን አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው የተጎዳ የደም ሥር ነው፤ ልብ ነው፣ ስትሮክ ነው፣ ኩላሊት ነው። ታዲያ ስኳሩን የሚያወርደው መድኃኒት የደም ሥሩንም ይጠብቃል ወይ?

«እንዴታ! ስኳሩ ከወረደ ጉዳቱም ይቀራላ!» ትሉኝ ይሆናል። ሐኪሞችም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ብለው ነበር። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒት ላዝላችሁም አልተነሳሁም። የማወጋችሁ ታሪኩን ነው።

ከኢንሱሊን እንጀምር። እ.ኤ.አ. በ1921 ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በካናዳ፣ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ፣ ከውሻ ቆሽት የስኳርን መድኃኒት ማውጣት ቻሉ። በጥር 1922 ሊዮናርድ ቶምፕሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ የመጀመሪያውን መርፌ ተወጋ። ከዚያ በፊት ስኳር የያዘው ልጅ ምግብ እየተቀነሰበት፣ ከስቶ አልቆ ነበር የሚሞተው። ኢንሱሊን ሲመጣ ሞት የተፈረደበት ሁሉ ተነስቶ ሄደ።

ደስታው ግን ሌላ ጣጣ ይዞ መጣ። ከሞት የተረፉት ሰዎች ዓመታት ሲቆጠሩ ዓይናቸው ይፈዝ፣ ኩላሊታቸው ይደክም፣ ልባቸው ይመታ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1936 ፖል ኪመልስቲልና ክሊፎርድ ዊልሰን የተባሉ ሐኪሞች ስኳር የኩላሊትን ጥቃቅን ሥሮች እንዴት እንደሚያበላሽ አሳዩ። ሰው ረጅም ዕድሜ ሲኖር በሽታው ሌላውን ፊቱን አሳየ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የደም ሥር ዝም ብሎ እንደ ውኃ ቧንቧ አይደለም። ውስጡ በአንድ ረድፍ ስስ ሕዋሳት የተለበጠ ነው። እነዚህ ሕዋሳት ሥሩ ዘና እንዲል፣ ደሙም እንዳይረጋ የሚያደርጉ ቅመሞችን ያመነጫሉ። ደም ውስጥ የተትረፈረፈ ስኳር ይህን ልባስ ያቆስለዋል። ጥቃቅኖቹ ሥሮች ሲጎዱ ዓይን፣ ኩላሊትና ነርቭ ይታመማሉ። ትልልቆቹ ሲጎዱ ደግሞ ልብ፣ አንጎልና እግር አደጋ ላይ ይወድቃሉ። ትልልቆቹን የሚጎዳው ግን ስኳር ብቻ አይደለም፤ የደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራም አሉበት።

ወደ ክኒኖቹ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1942 በፈረንሳይ፣ በሞንፔሊዬ ከተማ፣ ማርሴል ዣንቦን የተባሉ ሐኪም ለታይፎይድ አዲስ የሰልፋ መድኃኒት ይሞክራሉ። የሕመምተኞቹ ስኳር ሳይታሰብ ቁልቁል ወረደ። ከዚያ ዘር የተገኘው ቶልቡታማይድ እ.ኤ.አ. በ1957 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። መርፌ ቀርቶ ክኒን! ማን ይጠላል?

አሜሪካኖቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1961 አንድ ትልቅ ጥናት ጀመሩ፤ 12 ክሊኒኮች ተሳተፉበት። ዓላማው ስኳርን ማውረድ ከደም ሥር ጉዳት ያድን እንደሆነ ማየት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ውጤት አስደንጋጭ ሆነ። ቶልቡታማይድ ከወሰዱት 204 ሰዎች መካከል 26ቱ በልብና በደም ሥር በሽታ ሞተዋል። መድኃኒት የሌለበት ክኒን ከተሰጣቸው 205 ሰዎች ደግሞ የሞቱት 10 ናቸው። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይህ አይደል?

ከዚያማ ሐኪሙ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «ጥናቱ ስህተት ነው» አለ፤ መዝገቡን እንይ የሚለው ሙግት እ.ኤ.አ. በ1980 እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በክኒኖቹ ላይ ማስጠንቀቂያ የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከ14 ዓመት በኋላ! ሕመምተኛው በዚያ ሁሉ ጊዜ ክኒኑን ይውጥ ነበር።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በኋላ የተሠሩ ጥናቶች የዚህን ዘር ክኒኖች ያን ያህል አልኮነኗቸውም። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ የተጀመረው ነው፤ 5,102 ሕመምተኞችን ይዞ 20 ዓመት ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1998 ውጤቱ ሲነገር ስኳርን አጥብቆ መቆጣጠር የጥቃቅኖቹን ሥሮች ጉዳት በ25 በመቶ እንደሚቀንስ ታወቀ። የልብ ድካሙ ጉዳይ ግን ያን ያህል ግልጽ አልነበረም። ጎልቶ የወጣው ሜትፎርሚን ነው። ውፍረት ባላቸው ሕመምተኞች ላይ ድንገተኛ የልብ ሕመምን በ39 በመቶ ቀነሰ። በእርግጥ ሜትፎርሚን የተሰጣቸው 342 ሰዎች ብቻ ነበሩና ክርክሩ ጨርሶ አልተዘጋም።

ይህ ሜትፎርሚን የዛሬ ልጅ አይደለም። የዘር ሐረጉ አውሮፓውያን ለባህል መድኃኒት ይጠቀሙበት ከነበረ ጋሌጋ ከሚባል ተክል ይመዘዛል። ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ስተርን እ.ኤ.አ. በ1957 ለስኳር እንደሚሆን አሳወቁ። ፌንፎርሚን የተባለው ዘመዱ ደምን በአሲድ እየመረዘ ሰው ስለገደለ እ.ኤ.አ. በ1977 አሜሪካ ውስጥ ታገደ። ሜትፎርሚንም በዘመዱ ኃጢአት ተጠርጥሮ አሜሪካ የተፈቀደለት እ.ኤ.አ. በ1994 መጨረሻ ነው።

«ታዲያ ከዚህ ወዲያ ትምህርት ተገኘ» ትሉ ይሆናል። የለም! እ.ኤ.አ. በ1999 ሮዚግሊታዞን የተባለ ክኒን ገበያ ገባ። ስኳሩን አሳምሮ ያወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 ስቲቨን ኒሰን የተባሉ የልብ ሐኪምና ባልደረባቸው 42 ጥናቶችን ደምረው ሲያዩ የልብ ሕመም አደጋውን በ43 በመቶ ከፍ ብሎ አገኙት። አውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2010 አገደችው። አሜሪካ አጠበቀችበትና እ.ኤ.አ. በ2013 በሌላ ጥናት ላይ ተመሥርታ መልሳ አላላችለት። በዚሁ መሃል፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉበት ሌላ የአሜሪካ ጥናት ስኳርን እጅግ ዝቅ ለማድረግ ሲታገል ሟች ስለበዛ ያ ክፍሉ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ብዙ ማውረድም ልክ አለው ለካ!

በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ አዲስ የስኳር መድኃኒት የሚያመጣ ሁሉ የልብ አደጋን እንደማያባብስ ያሳይ አለ። ልብ በሉ፤ ይህ ጥያቄ በደንብ እንዲጠየቅ ከኢንሱሊን ወዲህ 86 ዓመት ፈጀ። ሲጠየቅ ግን ያልታሰበ በረከት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 ኤምፓግሊፍሎዚን ስኳርን በሽንት የሚያስወጣ መድኃኒት፣ የልብ ችግር በነበረባቸው 7,020 ሰዎች ላይ ተሞክሮ በልብና በደም ሥር በሽታ መሞትን በ38 በመቶ ቀነሰ። በማግሥቱ ዓመት ሊራግሉታይድ የተባለው መርፌ በ22 በመቶ ቀነሰ። የሚገርመው፣ ኤምፓግሊፍሎዚን ስኳሩን ያወረደው በጥቂቱ ነው። ጥቅሙ የመጣው በሌላ መንገድ ነው ማለት ነው።

እነዚህ አዳዲሶቹ ዋጋቸው ለብዙው ሰው የሚቀመስ አይደለም። «ታዲያ ለእኛ ምን ይረባናል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። ግን ያ የእንግሊዙ ጥናት ሌላም ነገር ይዟል። የስኳር ሕመምተኞችን የደም ግፊት አጥብቀው ሲቆጣጠሩ ስትሮክ በ44 በመቶ ቀንሷል። የግፊት ክኒን ደግሞ ርካሹም አለ። ሲጋራ ማቆም ጭራሽ ገንዘብ ያተርፋል።

አደራ፣ ይህን አንብቦ ክኒኑን የሚጥል እንዳይኖር። ያልታከመ ስኳር ዓይንና ኩላሊትን ይዞ እንደሚሄድ ማንም አልተከራከረበትም። እኔ የምለው፣ ቁጥሩ ወረደ ብለን አንተኛ ነው። ሐኪም ፊት ስንቀርብ «ስኳሬ ስንት ነው?» ካልን በኋላ ካርዳችንን ይዘን ብድግ አንበል። «ግፊቴስ? ኮሌስትሮሌስ? ይህ መድኃኒት ለልቤ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቅ። ጫማችንንም አውልቀን እግራችንን እናሳይ። ሐኪሙ ወረፋው በዝቶበት ቢቸኩል እንኳ ጥያቄው የእኛ ነው። ሳይጠየቅ በቀረባቸው ዓመታት ዋጋውን የከፈለው ሕመምተኛው ነበርና።