ጨቅላ ሕፃንን በቤት ውስጥ ፎቶ ሲያነሱ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ፦ በድሬዳዋ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

ጨቅላ የሚባለው ከተወለደ 28 ቀን ያልሞላው ሕፃን ነው። በዚህ ዕድሜ ሕፃኑ አንገቱን ማቆም፣ የሰውነቱን ሙቀት በሚገባ መቆጣጠርና በሽታን በደንብ መቋቋም ገና አይችልም። ስለዚህ በስልክ የሚነሳ ተራ ፎቶም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

መቼ ያንሱ?
ሕፃኑ ጠብቶ ካገሳ በኋላ፣ በተለይ እንቅልፍ ሲወስደው ማንሳት ይቀላል። ለፎቶ ብለው ጡት አያዘግዩ፣ ከእንቅልፉም አይቀስቅሱት። ካለቀሰ ያቁሙ። እናትየውም አራስ ናትና አስቀድመው ፈቃዷን ይጠይቁ።

ሙቀት
ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ቆላማ ከተማ ናት፤ በተለይ ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ይበረታል። በደጋ ለሕፃን የሚለበሰው ድርብርብ ልብስ እዚህ ሊጎዳው ይችላል።
• ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በመስኮት በሚገባ ብርሃን ያንሱ። ፀሐይ በቀጥታ እንዳያርፍበት ይጠንቀቁ።
• ፊቱን በነጠላ ወይም በሻሽ አይሸፍኑ።
• ቬንቲሌተር በቀጥታ አያዙሩበት።
• በብብት ሲለካ ጤናማው ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው።

አቀማመጥ
በጀርባው፣ ጠፍጣፋና ጠንካራ ፍራሽ ላይ ያስተኙት፤ ወይም እናቱ ትቀፈው። በበይነ መረብ የሚታየውን አገጩን በእጆቹ ደግፎ የተቀመጠ ሕፃን ፎቶ አይሞክሩ፤ ባለሙያዎች ሕፃኑ በሰው እጅ ተደግፎ የተነሱ የተለያዩ ፎቶዎችን አዋህደው የሚሠሩት ነው። ጠረጴዛ፣ ወንበር ወይም ቅርጫት ላይ ብቻውን አይተዉት። ስልኩን ከላይ ሆነው የሚይዙ ከሆነ እንዳይወድቅበት ይጠንቀቁ።

ጭስ፣ ኩልና ትንኝ
የዕጣንና የከሰል ጭስ የሕፃኑን መተንፈሻ ስለሚያውክ ቡና በሚፈላበት ክፍል አያንሱት። ለማሳመር ተብሎ የሚቀባ ኩል እርሳስ የተባለ መርዛማ ማዕድን ሊኖረው ስለሚችል አይቀቡት። በ2006 ዓ.ም. በድሬዳዋ የዴንጊ ወረርሽኝ ተከስቶ ነበር፤ ዴንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ ቀንም ትነድፋለች። አጎበሩን ለፎቶ ከከፈቱ ቶሎ ይመልሱት።

ፍላሽ ዓይን ይጎዳል?
ተራ የስልክ ወይም የካሜራ ፍላሽ የሕፃን ዓይን እንደሚጎዳ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ሆኖም ሊያስደነግጠው ስለሚችል የመስኮት ብርሃን ይሻላል።

ፎቶው የሚጠቁመው ሕመም
• በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ የዓይን ብሌን ቀይ ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። የአንዱ ወይም የሁለቱ ዓይን ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ ግን የዓይን ሞራ ወይም ሬቲኖብላስቶማ የተባለ የዓይን ካንሰር ምልክት ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ በማንሻው አቅጣጫ ብቻ ሊመጣ ቢችልም ሳይዘገዩ በሐኪም ያስመርምሩ፤ ፎቶውንም ይዘው ይሂዱ። ካንሰሩ ቀድሞ ከተደረሰበት ይታከማል።
• የስልክ ማሳመሪያ የቆዳን ቀለም ይቀይራል። ስለዚህ ቢጫነትን በፎቶ አይመዝኑ፤ የዓይኑን ነጭ ክፍል፣ መዳፉንና የእግሩን ውስጥ በቀን ብርሃን ይመልከቱ።

ጎብኚዎችና ፎቶ ማጋራት
ፎቶ ለመነሳት የሚታቀፈው ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ሕፃኑን አይሳም። ጉንፋን ወይም ትኩሳት ያለበት ሰው አይቅረበው። የሰው ዓይን ይፈራል በሚል፣ ወይም አቂቃ እስኪወጣለት አለዚያም ክርስትና እስኪነሳ ድረስ ፎቶው እንዳይታይ የሚፈልግ ቤተሰብ አለ፤ ውሳኔው የወላጆች ነው። በፌስቡክ ወይም በቴሌግራም ሲያጋሩ የሕክምና ካርድ፣ ሙሉ ስምና የቤት አድራሻ እንዳይታዩ ያረጋግጡ።

ወዲያውኑ ወደ ሕክምና የሚያስኬዱ ምልክቶች
• ጡት አለመጥባት ወይም በደንብ አለመጥባት
• መንቀጥቀጥ፣ ወይም ካልነኩት በስተቀር አለመንቀሳቀስ
• በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ መተንፈስ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ መሰርጎድ
• ከ37.5 ዲግሪ በላይ ወይም ከ35.5 በታች የሆነ ሙቀት
• በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ የታየ ቢጫነት፣ ወይም በማንኛውም ቀን የመዳፍና የእግር ውስጥ ቢጫ መሆን
• የእትብት አካባቢ መቅላት ወይም መግል

ከእነዚህ አንዱን እንኳ ካዩ በስልክ ፎቶ ልኮ ምክር ከመጠበቅ ይልቅ ሕፃኑን ራሱን በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ጣቢያ፣ ወደ ሳቢያን ወይም ወደ ድል ጮራ ሆስፒታል ይውሰዱት። በመንገድም ከቻለ ያጥቡት።